እስኪነግሩኝ ድረስ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? ደብዳቤ ያለ ጤና ጥያቄ አይጀመርምና ጠይቄሃለሁ። ባለቤትህ መብርሂትስ እንዴት ናት? ባለፈው ጉልበቴን ያመኛል ብላ ነበር፤ ተሻላት? እኔ እንዳየኸኝ ነኝ። ልቤ ስትፈልግ ትመታለች፣ ስትፈልግ ትለግማለች። የክኒኑን ሰዓት አርያም ትይዝልኛለች። ልጄ መሆኗን ትታ ነርሴ ሆናለች።

ላንተ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ካዛንቺስ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ምን ደብዳቤ ያሻ ነበር? ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህም ስልክ ነበረን። ዛሬ ስልኬ እጄ ላይ የለችም፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። ወረቀቱን የለመንኩት ከዋቅጋሪ ነው። የዚህ እንግዳ ማረፊያ ኃላፊም፣ ወፍ አሳዪም፣ ጄኔሬተር አስነሺም እሱ ነው። ወረቀቱ የምግብ ዋጋ የሚለጠፍበት ስለሆነ በጀርባው «የተጠበሰ ዓሣ» የሚል ብታይ እኔ የጻፍኩት አይምሰልህ።

እዚህ የመጣሁት ወድጄ አይደለም። ሐኪሙ ለአርያም «አባትሽ ዝቅ ያለ አገር ሄደው ትንሽ ቢተነፍሱ» ብሏት ነው። ሰንጋ ተራ አራተኛ ፎቅ ላይ መተንፈስ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ ደረጃው ነው። እሷ ግን ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወሰደች። አንዲት ባልደረባዋ ወፍ የሚያዩ ፈረንጆች የሚያርፉበት ቦታ አለ፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ርካሽ ነው አለቻት። ርካሽነቱ እንኳ እውነት ነው። የጭቃ ቤቶች ናቸው፣ ጣሪያቸው ሣር፣ እያንዳንዷ ቤት በመካከሏ በግድግዳ ለሁለት ተከፍላለች። የአልጋዬ አጎበር ቀዳዳ ነበረው፤ በክር ሰፋሁት። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። መብራት ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል። ከደጄ ዝቅ ሲባል ደንገል ነው፤ ከደንገሉ ወዲያ ሐይቁ ይቀጥላል፣ መጨረሻው አይታይም።

ፈረንጆቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። አንገታቸው ላይ የሩቅ መነጽር አንጠልጥለው፣ ሌላ ትልቅ መነጽር ደግሞ በሦስት እግር አቁመው፣ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ወፍ ይጠብቃሉ። ሲነጋገሩ በሹክሹክታ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እኔ ይህን ሳላውቅ «እዚህ ቤት ሻይ የለም ወይ?» ብዬ ዋቅጋሪን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ደንገሉ ውስጥ የነበረ ነገር ብድግ ብሎ በረረ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እንደ ነፍሰ ገዳይ አፈጠጠችብኝ። ዋቅጋሪ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ሴትዮዋ ይቺን ወፍ ለማየት ከአገራቸው ድረስ ነው የመጡት» አለኝ። «እኔም ሻይ ለመጠጣት ከሰንጋ ተራ ድረስ ነው የመጣሁት» አልኩት። ሳቁን ለመያዝ አፉን በእጁ አፈነ። ደህና ሰው ነው።

ያቺ አሮጊት ከግድግዳዬ ወዲያ ነበረች የምታድረው። እና ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። በነጋታው ስነቃ የት እንዳለሁ ዘንግቼ ግድግዳውን አንኳኳሁ። የኛን ማንኳኳት፣ ካዛንቺስ ሳለን የምናንኳኳውን። አንተ ጠዋት ስትነሳ በዱላህ «አለህ?» ትላለህ፤ እኔ በጫማዬ ተረከዝ «አለሁ» እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ወደየሥራችን። አንኳኩቼ ሳበቃ ደነገጥኩ። ሴትዮዋ ግን መለሰችልኝ። ምን እንደመሰላት እንጃ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እሷ ትጀምራለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን አንተዋወቅም። ትናንት ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ሌላ ሐይቅ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ያንኳኳ የለም።

አንድ ወፍ ብቻ ወድጃለሁ፣ አባ ኮዳን። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን የሚዘለዝሉበት ቦታ ቆሞ ይውላል። ራሰ በራ ነው፣ ጥቁር ካፖርት የደረበ ይመስላል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ይመስላል። አይዘፍንም፣ አይጣደፍም። ሌላው ወፍ ሁሉ ሲርመሰመስ እሱ የሚጣልለትን ይጠብቃል። ገና ሳየው «እድራችን እዚህ ቅርንጫፍ ከፍቷል» አልኩ። ለአርያም ብነግራት አልገባትም። ላንተ አስቀምጬው ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አንድ ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

እንዴት አወቅህ አትበለኝ። እኔና አንተ ካዛንቺስ ውስጥ መርዶ ይዘን ያላንኳኳነው ደጅ አለ? አርያም ገና ጀማሪ ናት። ትናንት ጠዋት «አባዬ፣ ስልክህን ቻርጅ ላድርግልህ» ብላ ወሰደች፤ እስካሁን እየሞላች ነው። «ኔትወርክም የለም እኮ፤ በቃ ሪላክስ አድርግ» አለችኝ፤ የዋቅጋሪ ስልክ ግን አጠገቤ ሲጮህ ይውላል። ቁርስ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ ቀረበች፤ ፀሐዩ ገና አልወጣም ነበር። ሾርባው ውሃ ነው ብዬ ስመልሰው «ልክ ነህ አባዬ» አለችኝ። ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ልክ ነህ ብላኝ አታውቅም። ያኔ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

ሕጉን ታውቀዋለህ፤ እኔ አውጥቼው አንተ ነህ ያለሰለስከው። መርዶ ማታ አይነገርም፣ ሌሊቱ ለባለቤቱ ይረዝምበታልና። ጎህ ሲቀድ ነው። ቆሞ አይነገርም። በባዶ ሆድም አይነገርም፤ ማታውን ሰውዬው እህል መቅመስ አለበት፣ ነገ ማን ያጎርሰዋል? ሳይበላ ካደረ ነጋሪዎቹ ይመለሳሉ። ቀብር ቢያልፍም ይለፍ ብዬ ስንቱን ተጣልቻለሁ። ስንሄድም አንተ ትናገራለህ፣ ለአገር ቤት ሰው በትግርኛ፣ ለሌላው በአማርኛ፤ እኔ ሰውዬው እንዳይወድቅ ወገቡን እይዛለሁ። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬ ሰው ራሱን ስቶ ስለወደቀ ሁለተኛ አትናገር አልከኝ። አልተናገርኩም።

ከሁሉ በላይ ያለው ሕግ ደግሞ ይኼ ነው፤ ያልተነገረው ሰው አያውቅም። ቢጠረጥርም አያውቅም። ጎረቤት ሲያለቅስ ቢሰማም አያውቅም። እስኪነገረው ድረስ የሞተው ሰው ለሱ አለ። ያቺን ሻይ ቤት የነበራትን ሴት ታስታውሳለህ? ልጇ ሩቅ አገር ሞቶ እኛ ማታውን ለማጣራት ብንሄድ፣ ነገሩን ከፊታችን አንብባ ሳለ፣ ለልጇ ሹራብ ስትሠራ አመሸች። እጅጌው ይጠበው ይሆን ብላ ያንተን ክንድ ለካች። ከወጣን በኋላ እኔ «ይቺ ሴት እያወቀች ምን ታስመስላለች?» ብል «ተዋት፣ የቀረቻት ይቺ ማታ ናት» አልከኝ።

እኔም ዛሬ ማታ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሚኒባስ አቧራዋን እየጎተተች ገባች። ከውስጧ የወረዱት ተስፋለም፣ ካሳይና ሳላሀዲን ናቸው። ሦስት የእድር ሽማግሌ፣ በሥራ ቀን፣ ዝዋይ! ተስፋለም እድሩን ከኔ ከተረከበ ወዲህ ካፖርት ይለብሳል፤ በዚህ ሙቀትም ለብሶት ነበር። ካሳይ ያቺን ለቀብር ብቻ የሚያወጣትን ጃኬት አድርጓል። ልብስ ሰፊው ሳላሀዲን ደግሞ አንገቱ ላይ የሩቅ መነጽር አንጠልጥሏል፤ ከልጅ ልጁ የተዋሰው ቢጫ የላስቲክ መጫወቻ!

«እንዲያው በዚህ ስናልፍ» አለ ተስፋለም ገና ሳልጠይቀው። ወዴት ስታልፉ ብላቸው ተስፋለም ወደ ሻሸመኔ፣ ካሳይ ወደ ሐዋሳ አሉ፤ እኩል ነው ያሉት። ሳላሀዲን ሊያድናቸው ገባና «ዋናው ወፍ ልናይ ነው፤ ወፍ ለልብ ጥሩ ነው ይባላል» አለኝ። የትኛውን ወፍ አልኩት። ዙሪያውን ቃኘ። አባ ኮዳውን አየና «ያንን ሰውዬ» አለኝ። ዋቅጋሪ እውነት መስሎት ሦስቱንም ይዟቸው ወረደ። ከወንበሬ ሆኜ አየኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጎን ቆሙ። ዋቅጋሪ ያስረዳል፤ እነሱ ይነቀንቃሉ። አንድም ወፍ አላዩም። የሚያዩት እኔን ነበር።

ሲመለሱ አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። የእድራችንን አባላት ከዑራኤል በታች ካለው ጀምሬ እስከ ባምቢስ ድረስ በየቤቱ ጠየቅኋቸው፤ ቤቶቹ ባይኖሩም ሰዎቹ የት እንደተበተኑ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳረ። ሁሉንም መለሱልኝ። ሁሉም ደኅና ነው። ስላንተ አልጠየቅሁም።

እነሱም አላነሱህም። ካንተ ጋር በየሳምንቱ የሚገናኙ ሰዎች፣ ከመንገድ መጥተው፣ «ወንድምህ ሰላም ብሎሃል» ያለ አንድ እንኳ አልተገኘም። ሳላሀዲን አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። ቢዋሸኝ ኖሮ ይቅር አልለውም ነበር። ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ።

መርዶ ሊነግሩ ሲሄዱ ከመሐላቸው አንተ የቀረህበት ቀን የለም። ጉንፋን ይዞህ እንኳ ነጠላህን ተከናንበህ ትመጣ ነበር። ዛሬ ወደ ታላቅ ወንድምህ ሲመጡ ቀርተሃል። ለምን እንደቀረህ አልነገሩኝም፤ ስላልነገሩኝም አላውቅም።

ስለዚህ እንደ ወትሮዬ ልቆጣህ። ሰፈሩ ሊነሳ ነው ሲባል አብረን እንመርጣለን አልኩህ። አንተ ሳትነግረኝ ከከተማው ጫፍ ያለውን ቤት ፈርመህ መጣህ። ለመብርሂት ምድር ቤት ስለሆነ ነው አልከኝ። እኔም አኮረፍኩ፤ አሁንም አኩርፌያለሁ፣ አልተውኩትም። ግድግዳው አንድ ስለነበር በአንድ ቀን ነው የፈረሰው፤ እኔ ቆሜ ሳየው አንተ የአዲሱን ቤት ቁልፍ ልትቀበል ሄደህ ነበር። ሁልጊዜ ቀድመኸኝ ነው የምትሄደው። ትምህርት ቤትም አንተ ቀደምክ፤ እኔ በሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ሽቦ ስልጥ ውዬ፣ አንተ ኳስ ልትጫወት ስትወጣ ከደብተርህ ፊደል ለቀምኩ። ይቺ የምታያት የ«ሐ» አጣጣፌ ያንተ ናት። መምህር የሆንከው አንተ ነህ፤ ያለ ደመወዝ ያስተማርከው የመጀመሪያ ተማሪህ ግን እኔ መሆኔን አልነገርኩህም ነበር።

ባለፈው የዑራኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንገናኝ እጅህን ስጨብጥ ቀለለኝ። ሳልክ። ምንድን ነው ብልህ ጉንፋን ነው አልከኝ። ሰው በጉንፋን ሸሚዙ አይሰፋውም። ታላቅህ እኔ ነኝ፤ ለኔ ነው መጀመሪያ የሚነገረው። መብርሂትን ዝም አስብለሃታል፣ ልጆቹን ዝም አስብለሃል፣ አርያምንም ሳይሆን አይቀርም። «ልቡ ደካማ ነው፣ አትንገሩት» ብለሃል። ድምፅህ ይሰማኛል። ማን ፈቀደልህ?

እራት ተጠራሁ። ቆይቼ እጨርሰዋለሁ።

ተመልሻለሁ።

ወደ ገበታው ስሄድ ሚኒባሷን አየኋት። ሹፌሩ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙሮ አቁሟታል፤ ማለዳ የሚነሳ መኪና እንዲያ ነው የሚቆመው። ከዚህ በጠዋት ተነስቶ ለዘጠኝ ሰዓት ቀብር ይደረሳል። ቀብሩ ከትናንት ጀምሮ የቆየው ሩቅ ያለ ሰው ስለሚጠበቅ ነው ማለት ነው። ሩቅ ያለው ሰው እኔ ነኝ።

ዓሣው ቀረበ። አርያም እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ ከፊቴ አደረገችልኝ። ሁሉም ይበላ የነበረውን ትቶ እጄን አየ። ተስፋለም «ትንሽ ይቅመሱ እንጂ ጋሼ» አለ። ካሳይ «ጥሩ ዓሣ ነው» አለ፤ የሱን አልነካውም። ሳላሀዲን «ብላ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው እስኪያፍር ታየዋለህ?» አለኝ፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

አልበላም ልል ነበር። ከምሳ ጀምሮ ሳስበው የዋልኩት እሱን ነው። ካልበላሁ ሕጉ ያስራቸዋል። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሦስቱ አንዱም በኔ ላይ አይጥሰውም። ነገ ጠዋት ዝም ብለው ያፈጣሉ፣ ወፍ ያያሉ፣ ማታ ሌላ ዓሣ ያቀርባሉ። ነገም አልበላም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አቅሜ እስኪያልቅ አንተን አቆይሃለሁ። ግትር ነህ ትለኝ የለ? ይኼን ያህል እችላለሁ።

ከዚያ አሰብኩት። አንተን የት ነው የማቆይህ? በሆስፒታል የብርድ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ መብርሂት በዚያ በማታውቀው የሰው አገር ግቢ በሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ፣ ድንኳኑን የሚተክሉት ካሳይና ጓደኞቹ እዚህ ሆነው። አንተ ሰው ማስጠበቅ አትወድም። በቀጠሮ ቀድመህ የምትደርስ ሰው ነህ።

በላሁ። አንድም ሳላስቀር፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጌ በላሁ። ጨርሼ እጄን ስታጠብ አርያም ውሃ የምታፈስበትን ጆግ አስቀምጣ ወጣች። ሳላሀዲን ያን ቢጫ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ጨለመው ሐይቅ ሲያይ ቆየ። ተስፋለም «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለኝ። ለእራት የጋበዝኩት እኔ አይደለሁም፤ ለምን እንዳመሰገነኝ ግን ገብቶኛል።

ነገ ማን እንደሚናገር አላውቅም። ተስፋለም ምላሱ ይተሳሰራል። ካሳይ የሰው ወገብ የመያዝ አቅም የለውም። ስለዚህ ሥራቸውን ላቀልላቸው አስቤያለሁ፤ ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ለብሼ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። ያንተን ያህል የሚናገረው የለም፣ ይሁን። አጭር ያድርገው።

ይቺን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጣትም። ራሴ ይዤያት እመጣለሁ፤ ከራስጌህ አኖራታለሁ።

ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ነው፤ ዋቅጋሪ አስጠንቅቆኛል። የአሮጊቷን ክፍል ለሳላሀዲን ሰጥተውታል። አሁን፣ ይቺን መስመር ከመጻፌ በፊት፣ ጫማዬን አውልቄ ግድግዳውን በተረከዙ አንኳኳሁት። ሳላሀዲን ከኛ አጥር ተሻግሮ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ያቺን ማንኳኳት ያውቃታል፣ የማን መልስ እንደሆነችም ያውቃል። ከወዲያ መልስ አልመጣም። ቆይቶ ሳል የሚመስል ነገር ሰማሁ። ሳል አልነበረም።

አልሰማሁም። እስኪነግሩኝ ድረስ አልሰማሁም።

መብርሂትን ጠብቅልኝ። ልጆችህን ሳምልኝ። ሌላውን ቃል ነገ ከሰው ጋር እለዋለሁ፤ ዛሬ ማታ ግን ላንተ የምመኘው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ታላቅ ወንድምህ